የቆሻሻ መጣያ ጋዝ

የቆሻሻ መጣያ ጋዝ በቆሻሻ ክምር ውስጥ የተቀበረ የምግብ ትርፍራፊ፣ ወረቀት፣ እንጨትና የመሳሰለው ያለ ኦክስጅን ሲበሰብስ የሚፈጠር የጋዞች ድብልቅ ነው። ግማሽ ያህሉ ሚቴን ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን ተቀጣጣይ በመሆኑ ጋዙን ሰብስቦ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይቻላል። በብዙ አገሮች ይህ ኤሌክትሪክ ከታዳሽ ኃይል ይቆጠራል።

አፈጣጠር

ቆሻሻው እንደተጣለ ባክቴሪያዎች በመካከሉ ባለው አየር እየተጠቀሙ ያበሰብሱታል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ያለ አየር የሚኖሩ ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ይተካሉ፤ ሚቴን የሚያመነጩትም እነዚህ ናቸው። መጣያው ከተዘጋ በኋላ ጋዙ ለብዙ ዓመታት መውጣቱን ይቀጥላል፤ መጠኑ ግን እያደር ይቀንሳል።

ጉዳት

በ100 ዓመት ስሌት ሚቴን በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን በእሳት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ ሎስኮ በተባለች መንደር ከመጣያ በመሬት ውስጥ ሾልኮ የመጣ ጋዝ ፈንድቶ አንድ መኖሪያ ቤት አፍርሷል፤ 3 ሰዎችም ቆስለዋል።

አሰባሰብና ኤሌክትሪክ ማመንጨት

ክምሩ በሸክላ አፈር ወይም በፕላስቲክ ንጣፍ ይሸፈናል። ጎናቸው የተበሳ ቱቦዎች ወደ ውስጥ ይቀበሩና ጋዙ በመሳቢያ ማሽን ይሰበሰባል። ከዚያ እርጥበቱና ሞተር የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ይጣራሉ። የተጣራው ጋዝ በሞተር ወይም በተርባይን ውስጥ ተቃጥሎ ጄኔሬተር ያዞራል። ከሞተሩ አቅም በላይ የሆነው በችቦ ይቃጠላል፤ ይህም ሚቴኑን ሙቀቱን የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ወደሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ሆኖም ሁሉም ጋዝ አይያዝም፤ በተለይ ክምሩ ከመሸፈኑ በፊት የሚወጣው ወደ አየር ያመልጣል።

በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚገኘው ፑዌንቴ ሂልስ እ.ኤ.አ. በ2013 ቆሻሻ መቀበል ካቆመ በኋላም ከጋዙ ኤሌክትሪክ ተመንጭቶበታል። በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማም በማሪያንሂልና በቢሳሳር ሮድ መጣያዎች ተመሳሳይ ጣቢያዎች ተተክለዋል።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ ቆሼ ተብሎ የሚጠራው የረጲ መጣያ ከ50 ዓመት በላይ ያለ ጋዝ መሰብሰቢያ አገልግሏል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከአደጋው በኋላ ቦታውን ለማሻሻል የተመረጠው የጃፓን ፉኩኦካ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የተበሱ ቱቦዎች የቆሻሻውን ፍሳሽ ያስወጣሉ፣ አየርም ያስገባሉ፤ ስለዚህ ሚቴኑ ከመነሻው በብዛት አይፈጠርም።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ብዙ ጊዜ ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር ይምታታል። ጣቢያው የተሠራው ራሱን ቆሻሻውን አቃጥሎ በእንፋሎት ተርባይን ለማዞር ነው፤ የመጣያ ጋዝ አይጠቀምም።