ሳይሟሽ የማይበራ መስታወት

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ደሴ ፒያሳ ስልክ ጥገና ቤት ገብቶ ስክሪን ያስቀየረ ሰው ይህን ያውቃል፦ «ኦሪጅናሉ አሞሌድ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው» ይሉታል። እውነት ነው። ከኋላ የሚያበራለት መብራት የለውም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች።

ለዚህ ስክሪን መንገድ የከፈተው ሥራ የወጣው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ከ10 ቮልት ባነሰ ኤሌክትሪክ ደማቅ አረንጓዴ የሚያበራ ኦርጋኒክ ንብርብር ሠሩ። ስስነቱስ? የሰው ፀጉር በመቶዎች እጥፍ ይወፍረዋል!

አሁን ወደ ዋናው ልውሰዳችሁ። ከንብርብሩ ሥር መስታወት አለ፤ መስታወቱ ላይ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ተቀብቷል፤ ብርሃን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ፖዘቲቩ ቻርጅ የሚገባው በዚህ በር ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳያሟሹ እንጀራ አይጋግሩም፤ ይህም በር መሟሸት አለበት። በሳሙና፣ በአሴቶን፣ በአልኮል ቢታጠብ እንኳ ዓይን የማያየው የካርቦን ቆሻሻ ይቀርበታል። ስለዚህ አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ያስቀምጡታል። መብራቱ የአየሩን ኦክስጅን ኦዞን ያደርገዋል፤ ኦዞኑ ቆሻሻውን ወደ ጋዝ ለውጦ ያባርረዋል። በኦክስጅን ፕላዝማም ይሠራል። በደቂቃዎች ውስጥ የገጹ ወርክ ፈንክሽን (ኤሌክትሮንን ከገጹ ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት) ከ4.5 ገደማ ወደ 5 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠጋል፤ ቻርጁ የሚወጣው ዳገት ያጥራል። ከላዩ የሚሠራው ኦርጋኒክ መብራት ባነሰ ቮልት ይበራል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ግን ቶሎ ነው! ታክሞ አየር ላይ ከዋለ ወርክ ፈንክሽኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

የእኛም ሰው ቻርጅ ወደ ንብርብር በሚገባበት ድንበር ላይ ደክሟል። ኢትዮጵያዊው ፊዚሲስት ባንቲካሰኝ ወርቃለማሁ በ1990ዎቹ ከስዊድን ሊንሾፒንግ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አሉሚኒየምና ፖሊመር ሲገናኙ የሚሆነውን መርምሯል። ይህን ስም ተማሪዎቻችን ቢያውቁት ምንኛ በወደድሁ!

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እዚያ ያለ ወጣት ሙሉውን ኦርጋኒክ መብራት ለመሥራት ውድ የቫክዩም ማሽን ያስፈልገው ይሆናል፤ የገጹን ሕክምና ለመፈተን ግን ውሃ ይበቃዋል። ያልታከመው መስታወት ላይ የወደቀች ጠብታ ክብ ሆና ትቀመጣለች፤ የታከመው ላይ ተዘርግታ ትሳሳለች። ከጎን በስልክ ካሜራ ፎቶ አንስቶ ጠብታዋ ከመስታወቱ ጋር የምትሠራውን ማዕዘን መለካት ይችላል። ሥራው ከዚህ ይጀመር፤ ማሽኑ ሲገኝ ይደርሳል።