ለውዝ፣ ዶሮና የባቡር ሐዲድ

ዘመኔን በመጻሕፍት መካከል ስላሳለፍኩ ነው መሰለኝ፣ ድስትም እንደ መጽሐፍ ይነበባል ባይ ነኝ። የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ። ዛሬ የምናነበው የሴኔጋሎችን ማፌ ነው፤ የዶሮና የለውዝ ወጥ። ማሊዎች ቲጋዴጌና፣ ጋምቢያዎች ዶሞዳ የሚሉት የቅርብ ዘመዶች አሉት። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ለኛ ሰው አይከብድም። የተገነጣጠለው ዶሮ በዘይት ጠበስ ጠበስ ይደረጋል። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ቲማቲም ይገባል። ከዚያ ተቆልቶ እንደ ቅቤ እስኪልም የተፈጨው ለውዝ በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመራል። ቃሪያውን እንደ ወኔያችሁ! እንደ ሽሮ ከሥር እንዳይዝ እያማሰሉ በቀስታ ማንተክተክ ነው። የለውዙ ዘይት ከላይ ሲንሳፈፍ ወጡ ደረሰ፤ በሩዝ ይበላል። እቤቴ ሞክሬዋለሁ፤ ሽሮ የሚወድ ሰው ይህን አይጠላም።

አሁን ድስቱን ከፍተን እንይ። ለውዙ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው። ዶሮዋ በጥንት ዘመን ከእስያ የመጣች ናት። ለውዝን በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው። ገበሬው ግን አልደነገጠም፤ ፍሬውን እንደዚያው ከአፈር ሥር የሚያፈራ የራሱ የባምባራ ለውዝ ነበረውና፣ እንግዳውን እንደ ዘመድ ተቀበለው። በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ለውዙንና ስሙን ይዘው ውቅያኖሱን ተሻገሩ። ዛሬም በደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶች ለውዝን «ጉበር» የሚል አለ፤ «ንጉባ» ከሚለው የኮንጎ አካባቢ ቃል የወጣ ነው።

ከ1840ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። የማርሴይ ሳሙና ፋብሪካዎች ዘይት ፈለጉ፤ ፈረንሳይም ሴኔጋልን የለውዝ እርሻ አደረገቻት። በ1885 ከዳካር እስከ ሴንት ሉዊ ሐዲድ ተዘረጋ፤ ለውዙም በፉርጎ ወደ ወደብ ወረደ። ማሽላውና ዘንጋዳው ለለውዝ ቦታ ሲለቅ፣ ገበሬው የሚበላው ሩዝ ከኢንዶቺና በመርከብ ይመጣለት ጀመር። እስቲ አስቡት! የራሱን ምርት ለሌላው ሳሙና ይልካል፣ የራሱን ጉሮሮ ግን ባሕር ማዶ አሳድሯል። ማፌ ከሩዝ ጋር መቅረቡ የምግብ አማረጣ ብቻ አይደለም፤ የቅኝ ግዛት ሒሳብም አለበት።

በዚያው አካባቢ የባቡር መሥመር፣ በዳካር–ኒጀር፣ ሠራተኞች ከኦክቶበር 1947 እስከ ማርች 1948 ሥራ አቆሙ። የጠየቁት ከአውሮፓውያን ሠራተኞች ጋር እኩል መብት ነበር። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1960 ያሳተመው ልብ ወለድ ይህንኑ አድማ ይተርካል። ሴምቤን ራሱ በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነበር። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማሳስባቸው አንድ ነገር ነበር፤ በዚያ መጽሐፍ አድማው የሚጸናው በስብሰባ አዳራሽ ብቻ አይደለም። ደመወዝ ሲቋረጥ፣ ውሃ ሲዘጋ፣ ባዶ ድስት የሚጠብቃቸው ሴቶች ናቸው የሚያጸኑት። ኋላም ከቲየስ ዳካር ድረስ በእግራቸው ይጓዛሉ።

ታዲያ ማፌ የማን ነው? ዘሩን ያመጣው ፖርቱጋላዊ ነው እንበል? ሐዲዱን የዘረጋው ፈረንሳዊስ? የለም። ወጡ የሠሪዎቹ ነው፤ ያመረቱት፣ የፈጩት፣ ያማሰሉት ሰዎች ነው። እኛም «ንጹሕ ባህላችን» ስንል ረጋ ማለት ይገባናል። ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ አይታሰብም፤ በርበሬውም ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ይህ ዶሮ ወጣችንን አያሳንሰውም። እንዲያውም የእናቶቻችንን እጅ ያገንነዋል፤ እንግዳውን ተቀብለው አዋዝተው የኛ ያደረጉት እነሱ ናቸውና።

የባቢሌን ለውዝ ስንገዛም ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነው። ፍሬው ከየትም ይምጣ፤ ዋናው ጥያቄ ያበቀለው ሰው ማታ ምን በልቶ ያድራል የሚለው ነው።