የዳባት ኮረፌ እና የፈረንጁ «የገበሬ ቢራ»

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ «የገበሬ ቤት ቢራ» የሚባል ክራፍት ቢራ ዛሬ በውድ ዋጋ ይሸጣል። የሚጠጡት ሰዎች አረፋውን፣ ጎምዘዝ ማለቱን፣ ድፍርስነቱን ያደንቃሉ። ዳባትና ደባርቅ ላይ ግን ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ስሙ ኮረፌ ነው።

አሠራሩ የደጋውን ኑሮ ይመስላል። ገብሱ ይፈተግና ውሃ ውስጥ ያድራል። ከዚያ ተቆልቶ ይፈጫል። ዱቄቱ ከደረቀ የጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር ተደባልቆ በሸክላ ጋን ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። ሲፈለግ ከድፍድፉ ጥቂት ይጨለፍና ውሃ ይጨመርበታል፤ በማግስቱ ይጠጣል። ጠላ አንዴ ከደረሰ ቶሎ ካልተጠጣ ይበላሻል። ኮረፌ ግን እንደ ጎተራ እህል ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም ደቦ ሲጠራ ከጋኑ እየተቀነሰ ይወጣል።

ቤልጅየም ውስጥ «ሴዞን» የሚባለው ቢራ ታሪክም እንዲሁ ነው። በብርዱ ወራት ተጠምቆ ይቆይና በሙቀቱ ወራት እርሻ ላይ ለሚውለው ሠራተኛ ይቀዳል ይባላል። በ1516 እ.ኤ.አ. የጀርመኗ ባቫሪያ ባወጣችው ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ እንዲሠራ አዝዛለች። በሆፕስ ቦታ ጌሾን ተኩ፤ የዳባቷ ባልቴት ጋን ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራና ስለ እርሾ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የደጋው ሴቶች መጠጡ መቼ እንደሚደርስ በሽታውና በአረፋው ይለዩ ነበር።

ታሪካችን ግን ጠጪውን እንጂ ጠማቂዋን አልመዘገበም። ከምፅዋ ተነስቶ በሊማሊሞ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ነጋዴና ሠራዊት ሲመላለስበት ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያለፈው በዚሁ ነው። ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ተሸንፈው ካሳ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ሲነግሡም ጦርነቱ የተካሄደው በስሜን ምድር ነው። ያ ሁሉ ጭፍራ የበላውና የጠጣው ከገበሬው ጎተራና ከሚስቱ ጋን ነበር። የንጉሡ ስም ተጻፈ፤ ድርጎውን ያዘጋጀችው ሴት ግን ስም የላትም።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1922 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ፣ ዳሽን በ2000 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ተቋቋሙ። ሁለተኛው ስሙን የወሰደው ከስሜኑ ራስ ዳሽን ነው። የተራራው ስም ጠርሙስ ላይ ወጣ፤ የተራራው ሰው መጠጥ ግን ጠርሙስ ላይ አልወጣም።

ይህ ስለ ስካር ማወደስ አይደለም። ገብስ ባነሰበት ዓመት ጋን ውስጥ የገባው እህል ከልጆች አፍ የወጣ እህል ነው፤ ይህን ከእናቶች በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ሙያው ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ብቻ የሚተላለፍ ነው። ልጅቷ ከተማ ስትገባ ሰንሰለቱ ይቆማል። ከተማ ውስጥ ደግሞ «ጠላ ሻጭ» ማለት እስከ ዛሬ እንደ ስድብ ይነገራል።

ፈረንጁ ለአያቱ ቢራ ስም፣ መለያና ዋጋ ሰጠው። እኛ የራሳችንን ሙያ እያፈርንበት ነው። አንድ ቀን ኮረፌ በውጭ አገር ጠርሙስ፣ በውጭ ሰው ስም ተሽጎ ወደ አዲስ አበባ ሆቴሎች ቢመጣ በውድ ገዝተን እናደንቀው ይሆናል። ያን ጊዜ የዳባቷን ሴት ማን ያስታውሳታል?