ከብራና እስከ ማተሚያ መሣሪያ

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ስመ ጥር የድጓ ማስመስከሪያ እንደ መሆኗ መጠን፣ የአንድ ገጽ ዋጋ በአካባቢው ጥንቱን የታወቀ ነበር። የፍየል ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ በወስፌ ይሠመራል፤ ቁም ጸሐፊው በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ የዜማው ምልክትም ከቃሉ በላይ በደቃቁ ይጨመራል። ይህን ያህል የተደከመበት ብራና በሁለቱም ፊቱ ይጻፍበታል እንጂ ግማሹ ባዶውን አይቀርም።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የመገልበጥ ድካም እየቀለለ ሄደ። ማተሚያው ከየጠረጴዛው ሲደርስ ግን የአንዱ ገጽ ዋጋ ስላነሰ ቆጠራው ተዘነጋ። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤት የወረቀቱና የቀለሙ ግዥ ይመዘገባል፤ ማን ስንት ገጽ እንዳተመ ግን አይታወቅም።

በውል የሚመራ የኅትመት አገልግሎት የሚባለው ይህንኑ ቆጠራ መመለስ ነው። መሣሪያዎች ለጋራ ይውላሉ፤ በሁለቱም ፊት ይታተማል፤ ቀለሙና ጥገናው በገጽ ሒሳብ ይጠቃለላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከጽሕፈት ቤቶች የሚተርፈው ገንዘብ ለተማሪዎች የፈተና ወረቀት ሊውል ይችላል። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቻችን አዲስ ማተሚያ ከመግዛታቸው አስቀድሞ የአንድ ወር ገጻቸውን ይቁጠሩ።