የዲዛይን ለማጇና ያልተጻፈው ውል

ከፍኖተ ሰላም የመጣች አንዲት ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጀማሪ የማስታወቂያ ድርጅት ዘንድ ለሦስት ወር በለማጅነት ገባች እንበል፡፡ ሥራዋ “ብራንድና ሞሽን ዲዛይን” ይባላል፡፡ ብራንድ ዲዛይን የምርቱን ዓርማ፣ ቀለምና የፊደል ቅርጽ መወሰን ሲሆን፣ ሞሽን ደግሞ ያንኑ ዓርማ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ማንቀሳቀስ ነው፡፡ በሰከንድ 24 ወይም 25 ምስል ስለሚያልፍ፣ የአምስት ሰከንድ ሥራ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፡፡ የፊደል ቅርጽ ከተነሳም፣ ላቲኑ በ26 ሲያበቃ የኛው ከ230 ያልፋል፡፡

ሙያው ለአገሯ እንግዳ አይደለም፡፡ ጎረቤቷ ቡሬ በመጀመሪያው ዙር ከተጀመሩት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ የተገነባባት፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ የተመረቀባት ከተማ ናት፡፡ የገበሬው ምርት ከጆንያ ወጥቶ በጠርሙስ ሲሸጥ ስም ይፈልጋል፤ ስም ደግሞ መልክ ይሻል፡፡

ለመሆኑ የልጅቷ ዓርማ ጠርሙስ ላይ ሲለጠፍ ለእሷ ምን ይደርሳታል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሙያ መልመድ ውል በስተቀር ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረግን ግንኙነት አይሸፍንም፡፡ የሙያ መልመድ ውል ከሆነ ግን በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መያዝ አለበት፡፡ “ነይና ልምድ ውሰጂ” የሚለው የቃል ግብዣ ይህን አያሟላም፡፡

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ ተቀጣሪ በሥራው ወይም ባለሙያ በአገልግሎት ውል የሠራው ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው፡፡ የሞራል መብቱ፣ ማለትም የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቁ መብት ግን ከሠሪው አይወጣም፡፡ ደመወዝም ውልም የሌላት ለማጅ “ተቀጣሪ” ናት ወይ? እዚህ ላይ ሁለት ጠበቆች ሁለት ቀን ሊከራከሩ ይችላሉ፡፡

ክርክሩ ድርጅቱንም ይጎዳል፡፡ ደንበኛው ዓርማውን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሊያስመዘግብ ሲነሳ “የኔ ሥራ ነው” የሚል ሦስተኛ ወገን ቢመጣበት፣ የሚጠይቀው የሸጠለትን ድርጅት ነው፡፡

መፍትሔው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፡፡ የሥልጠናው ጊዜና አሠልጣኙ፣ ኪስ ገንዘቡ ወይም ክፍያው፣ የሥራው ባለቤት ማንነት፣ እንዲሁም ለማጇ ሥራዋን በስሟ ለቀጣይ ቀጣሪ የማሳየት ፈቃዷ ይጻፍበት፡፡ ይህ የመጨረሻው እንዳይዘነጋ፤ ዲዛይነር የሚቀጠረው በሠራው ሥራ እንጂ በምስክር ወረቀት ብቻ አይደለምና፡፡

አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለርስት ብቻ አልነበረም፡፡