በሁለት ፕሮግራሞች መካከል፤ የበዓል መለያ ምስልና የተመልካቹ አስተያየት

የቴሌቪዥን ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የፕሮግራሞች ታሪክ ነው። ዜናው፣ ድራማውና የስፖርት ውድድሩ በየመዝገቡ ሲሰፍር፣ አንዱ ፕሮግራም አልቆ ሌላው እስኪጀምር ድረስ የምትታየው አጭር የጣቢያ መለያ ግን እንደ ደጃፍ ትቈጠራለች፤ ሁሉም ያልፍባታል እንጂ ቆሞ የሚመረምራት የለም። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ከማንኛውም ምስል ይልቅ ደጋግሞ የሚያየው እርስዋን ነው። በበዓል ሰሞን ልብስዋን በለወጠች ጊዜ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ የኖረው ተመልካች ብዕሩን ያነሣል።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በእንግሊዝ አገር ነው። ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ሲጀምር ተመልካቹ የሚመርጠው ሌላ ጣቢያ ስላልነበረው ስለ መለያ ምስል ብዙም የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። አብራም ጌምስ የተባለው ሠዓሊ የመጀመሪያውን ተንቀሳቃሽ ምልክት የሠራው በ1953 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አይ ቲ ቪ የተባለው የንግድ ጣቢያ ተቀናቃኝ ሆኖ ሲቀርብ «የምታዩት የማንን ነው» የሚለው ጥያቄ ክብደት አገኘ። በ1963 የምድር ሉል የቢቢሲ ምልክት ሆነች፤ ለ39 ዓመታት ያህልም መልክዋን እየለዋወጠች ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቆየች።

ዛሬ በኮምፒዩተር ብቻ ለሚሠራ ባለሙያ የዚያች ሉል አሠራር የሚያስደንቅ ነው። ሉሊቱ በሞተር የምትዞር እውነተኛ ቅርጽ ነበረች። ኖዲ የሚል ቅጽል ስም የተሰጠው፣ በሞተር የሚንቀሳቀስ ካሜራ ፊቱን ከሰዓቱ ወደ ሉሊቱ፣ ከሉሊቱ ወደ ጽሑፉ እያዞረ ይቀርጻት ነበር። ካሜራው ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያይ ስለነበረ ቀለሙ የሚጨመረው በኋላ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ለገና ሰሞን ሉሊቱ ተነሥታ በምትኩ በእጅ የተሠራ የበዓል ቅርጽ ሲዞር የታየባቸው ዓመታት ነበሩ። በኮምፒዩተር የተሠራችው ሉል ቦታውን የያዘችው በየካቲት 1985 (እ.ኤ.አ.) ነው።

የገና ቀን በዚያ አገር የቴሌቪዥን ትልቁ ገበያ ነው። ንግሥቲቱ የበዓል መልእክታቸውን በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ በምስል ካስተላለፉ ወዲህ ቤተሰብ ከምሳ በኋላ በመስኮቱ ፊት መሰብሰቡ ልማድ ሆኗል። በ1986 ገና የታየው የኢስት ኤንደርስ ድራማ፣ የድጋሚ ሥርጭቱ ተደምሮ፣ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተመልካች እንደነበረው ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሕዝብ በሚጠብቅበት ሰዓት በፕሮግራሞቹ መካከል የምትገባው ምስል የጣቢያው የበዓል ሰላምታ ናት፤ ሰላምታ አሰጣጡን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል።

የተመልካቹን ቃል ወደ አደባባይ ያወጣው በ1961 የተጀመረው፣ ከተመልካቾች የሚላኩ ደብዳቤዎች የሚነበቡበት «ፖይንትስ ኦቭ ቪው» የተባለው ፕሮግራም ነው። የበዓል መለያን በተመለከተ የሚነሣው ክርክር በየዓመቱ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ገና ሳይደርስ በረዶው ለምን በመስኮቱ ላይ ዘነበ ሲል ያማርራል፤ ሌላው የዘንድሮው ካምናው አይደርስም ይላል፤ ሦስተኛው ጥዱና ስጦታው በዝቶ የልደቱ ነገር ተረሳ ብሎ ያዝናል። ደስ ያለው ሰው እምብዛም አይጽፍም፤ ስለዚህ የደብዳቤ ክምር ብቻውን የሕዝብ አስተያየት ሚዛን ሊሆን አይችልም። በሳተላይት የውጭ ጣቢያ የሚያይ ኢትዮጵያዊም የራሱ ቅሬታ አለው፤ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ እነዚያ ጌጣቸውን አውርደው ይጠብቁታል።

ምስሏ ምን ያህል ኀይል እንዳላት ያስረዳው የቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ ጉዳይ ነው። ጣቢያው በአሰልቺነትና በኩራት ይታማ እንደነበረ የተመልካች ጥናት አመለከተ። በ1991 ማርቲን ላምቢ ኔርን የተባለው ባለሙያ «2» ቁጥርን አንዴ በሐር ጨርቅ ተሸፍና፣ አንዴ ቀለም ተረጭቶባት፣ አንዴ እንደ ስለት ከወለል ላይ ተተክላ የምትታይባቸውን ምስሎች አዘጋጀ። ፕሮግራሞቹ ሳይለወጡ ጣቢያው በተመልካቹ ዘንድ ብልኅና ዘመናዊ ሆኖ ተገመተ። የበዓል መለያን እንደ ትርፍ ጌጥ የሚቈጥሩ ባልደረቦች ይህን ታሪክ ቢያስቡት ይበጃል።

በአሜሪካ መንገዱ ሌላ ነበር። በ1966 ሲ ቢ ኤስ በአር ኦ ብሌክማን እጅ የተሣለ አጭር የበዓል ሰላምታ አሳየ፤ በቀጭንና በሚንቀጠቀጥ መስመር የተሠራ፣ የመጋዝ ሥራ ወደ ሙዚቃ የሚለወጥበት ቀልድ ነው። በዚያው ዓመት ደብልዩ ፒ አይ ኤክስ የተባለው የኒውዮርክ ጣቢያ ከዚህም አለፈ። ፕሬዚዳንቱ ፍሬድ ትሮወር፣ ምድጃ በሌለው አፓርታማ ለሚኖረው ተመልካች የገና ካርድ ይሁን ብሎ፣ ማስታወቂያ አስቀርቶ የሚነድ ግንድ ብቻ ለሰዓታት አሳየ፤ ከጀርባው የገና ዜማ ይሰማል። ፊልሙ በከንቲባው መኖሪያ በግሬሲ ማንሽን ተቀርጾ ሲደጋገም የሚዞረው 17 ሴኮንድ ብቻ ነበር። ከእሳቱ ፊት መከለያው ተነሥቶ ስለነበረ ፍንጣሪ ወጥቶ ውድ ምንጣፍ አቃጠለ። ፊልሙ አርጅቶ አዲስ ቀረጻ ሲያስፈልግ ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ በሩን አልከፈተም፤ በ1970 እሳቱ በካሊፎርኒያ በበጋ ሙቀት ነደደ።

ጣቢያው በ1990 ግንዱን ከፕሮግራሙ አወጣው፤ ማስታወቂያ የሌለበት ሰዓት ገቢ የሌለበት ሰዓት ነውና። የለመዱት ተመልካቾች ግን ደብዳቤ ጻፉ፤ ዓመት እየተቈጠረም ጥያቄያቸውን አልተዉም።

ቢቢሲም ተመሳሳይ ቅሬታ አላጣም። ሉሊቱ በማርች 2002 በዳንሰኞች ስትተካ ያዘኑ ብዙ ናቸው። በኋላ ጣቢያው ለገና ሰሞን የታወቁ ገጸ ባሕርያትን ማቅረብ ወደደ፤ በ2008 ከሸክላ ጭቃ የተሠሩት ዋላስና ግሮሚት መለያውን ያዙ። በ2017 ደግሞ ለትምህርት ቤት ትርኢት የምትለማመድ ልጅንና ሥራ የበዛበትን አባትዋን የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን ቀረበ። ሰላምታው ታሪክ እየሆነ መጣ፤ ከማስታወቂያም ለመለየት የሚያስቸግር ሆነ የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም መሠረት የለውም አይባልም።

የኒውዮርኩ ግንድ ግን በ2001 ተመለሰ። በሴፕቴምበር 11 በንግድ ማዕከሉ ሰገነት ላይ የነበረው የጣቢያው አንቴና ከሕንፃው ጋር ወድቆ ነበር። በዚያ ዓመት የገና ጠዋት የከተማዋ ሰዎች መስኮታቸውን ሲከፍቱ ያው እሳት፣ ያው ዜማ፣ ያለ ማስታወቂያ እየነደደ አገኙት።