ስለማይታየው ምልክት የተነሣ ክርክር፤ የታብና የስፔስ ታሪክ በኅብረት በሚጻፉ ፕሮግራሞች ውስጥ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለሚሰማው ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ይኸውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች መሥመሮቻቸውን ከኅዳግ ገባ አድርገው ሲጽፉ ባዶውን ስፍራ በምን ምልክት ይሙሉት የሚለው ክርክር ነው። አንዱ ወገን ታብ በሚባለው ምልክት ይሁን ይላል፤ ሌላው ወገን ስፔስን ደጋግሞ መምታት ይሻላል ይላል። ሁለቱም ለዐይን አይታዩም፤ በወረቀት ቢታተሙም ልዩነታቸው አይታወቅም። ሆኖም በዚህ በማይታይ ነገር ምክንያት ብዙ ሰዎች በኅብረት የሚሠሩት ሥራ ሲሰናከል ኖሯል። ከዚህ የተነሣ ታሪኩን ከሥሩ ብንከተለው ይጠቅማል ብለን አመንን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጽሕፈት መኪና ላይ ታቡላተር የሚባል መሣሪያ ተጨመረ። የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚጽፍ ሰው ቁጥሮቹን በዓምድ ለማሰለፍ ማቆሚያዎቹን አስቀድሞ በፈለገበት ስፍራ ይተክላል፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲጫን መኪናው እስከ ማቆሚያው ድረስ ይሮጣል። እንግዲህ ታብ ከመነሻው የታወቀ ርቀት አልነበረም፤ «እስከሚቀጥለው ማቆሚያ ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነበር እንጂ። (የእኛ አገር ቁም ጸሐፊዎችም ብራናውን በወስፌ ወግተው ኅዳጉንና መሥመሩን አስቀድመው ያሰምሩ ነበር። በቃልና በቃል መካከል ግን የሚታይ ሁለት ነጥብ ያኖሩ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለው ክርክር ባልተነሣባቸውም ነበር።)

በ1963 አስኪ የተባለው የአሜሪካ የፊደላት መለያ ቁጥር ሲወጣ ታብ 9ኛውን፣ ስፔስ 32ኛውን ቁጥር ያዙ። የታብ ስፋት ስንት እንደ ሆነ ግን አልተወሰነም። የጽሕፈት መኪናውን ወረቀት ያነበበ ሁሉ ጸሐፊው ያየውን ያያል፤ ፋይል ግን ትእዛዙን ይዞ ይሄዳል እንጂ ማቆሚያዎቹን ይዞ አይሄድም። ስለዚህ አንዱ በ8 ዓምድ ያየውን ሌላው በ4 ያየዋል። በዩኒክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ 8 ልማድ ሆነ፤ ልማድ እንጂ ሁሉን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። የችግሩ ሁሉ ምንጭ በእኛ አስተያየት ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የሜክ ታሪክ ነው። ሜክን በ1976 በቤል ላቦራቶሪ የጻፈው ስቱዋርት ፌልድማን ነው። ሥራውም ከብዙ ፋይሎች በሚገነባ ፕሮግራም ውስጥ የትኛው ፋይል እንደ ተለወጠ አይቶ፣ እንደ ገና መሠራት ያለበትን ብቻ መሥራት ነው። ታዲያ ሜክ በሚያነበው ፋይል ውስጥ የትእዛዝ መሥመር ሁሉ በታብ መጀመር አለበት። በታብ ፈንታ 8 ስፔስ ያስገባ ሰው በስክሪኑ ላይ አንዳችም ልዩነት ሳያይ፣ መለያው ጎድሏል የሚል መልስ ይደርሰዋል። በዚህ ስንት ጀማሪ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ተጨነቀ መገመት አያዳግትም።

ፌልድማን ራሱ ምክንያቱን ተናግሯል፤ ቃሉም በ2003 በታተመው የኤሪክ ሬይመንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ሌክስና ያክ የተባሉትን መሣሪያዎች ገና መሞከሩ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልሳካ ሲለው፣ በመሥመር መጀመሪያ ታብ የማድረጉን ቀላል ዘዴ ያዘ፤ ሠራለትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ዐሥራ ሁለት ያህል ተጠቃሚዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ወዳጆቹ ነበሩ። ሥራቸውን እንዳያበላሽባቸው ሲል ሳይለውጠው ቀረ። ለዐሥራ ሁለት ወዳጆች የተደረገው ይሉኝታ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ተጠቃሚ ሁሉ አሰረ። እኛ በዚህ ፌልድማንን አንነቅፈውም፤ በፊቱ የነበሩት ዐሥራ ሁለቱ ናቸው፤ ከነሱ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ሕዝብ ማን አየው? የኤሲኤም ማኅበርም በ2003 ስለ ሜክ ሸልሞታል። በ2010 የወጣው የግኑ ሜክ 3.82 በታብ ፈንታ ሌላ ምልክት መምረጥ እንዲቻል አድርጓል፤ ካልመረጡ ግን ያው ታብ ነው።

በፓይተን ቋንቋ ነገሩ ከመልክ አልፎ ትርጕም ሆነ። ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 ባወጣው በዚህ ቋንቋ፣ የትኛው መሥመር በየትኛው ሥር እንደሚሠራ የሚወሰነው ከኅዳግ ገባ በማለቱ ነው። በቀድሞው ፓይተን ታብ እስከሚቀጥለው የ8 ብዜት ድረስ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ማሳያውን በ4 ያደረገ ሰው ታብና ስፔስ ቀላቅሎ ሲጽፍ፣ ለዐይኑ እኩል የተሰለፉት መሥመሮች ለማሽኑ እኩል አልነበሩም። ፕሮግራሙ ሳይቆም የተሳሳተ ሥራ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ይህም ከመቆም የከፋ ነው። በ2001 የወጣው ፔፕ 8 የተባለው መመሪያ 4 ስፔስ እንዲሆን መከረ፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ አሻሚውን ቅልቅል አልቀበልም አለ።

የሊኑክስ ከርነል መመሪያ የያዘው ተቃራኒውን ነው። ታብ ይሁን፣ ስፋቱም 8 ይሁን ይላል፤ ወደ 4 ወይም ወደ 2 ለማውረድ የሚሞክረውንም ፓይ 3 ነው ብሎ ሊደነግግ ከሚነሣ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ከሦስት ደረጃ በላይ ገብቶ ስፍራ የጠበበው ጸሐፊ ፕሮግራሙን ያስተካክል ባይ ነው። በ2009 ይፋ የሆነው የጎ ቋንቋ ደግሞ ጎፈምት የሚባል አስተካካይ አብሮ አመጣ። መሣሪያው ራሱ በታብ ስለሚያሰልፍ ክርክሩ ከሰዎች እጅ ወጣ። በ2017 በስታክ ኦቨርፍሎው መጠይቅ ላይ የተደረገ ትንተና ስፔስ የሚጠቀሙት 8.6 በመቶ የበለጠ ደመወዝ እንደሚያገኙ ቢያሳይም፣ አብረው የታዩ ነገሮች አንዱ የሌላው ምክንያት ናቸው ማለት ስላልሆነ አናተኩርበትም።

የኅብረት ሥራ ጉዳት የሚታየው በሌላ በኩል ነው። የአንዱ ሠራተኛ ኤዲተር ታቡን ሁሉ ሳያስጠነቅቅ ወደ ስፔስ ቢለውጥበት፣ አንድ ቃል ብቻ ያረመ ሰው ሺህ መሥመር እንደ ለወጠ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ይህን መሥመር ማን ለምን ጻፈው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ የዚህ ሰው ስም ይሆናል፤ የእውነተኛው ጸሐፊ ምክንያት ይሸፈናል። ጊት በ2019 በወጣው 2.23 እንዲህ ያሉትን ለውጦች እየዘለሉ መመርመር የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል።

ይህን ጥናት ስንጀምር ወደ ስፔስ እናደላ ነበር። ያመነታነው የማየት ችግር ያለባቸውን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ነገር ስንመለከት ነው። ፊደሉን እጅግ አጕልቶ የሚያነብ ሰው የታቡን ስፋት ወደ 1 ወይም ወደ 2 አውርዶ መሥመሩን በስክሪኑ ላይ ማስቀረት ይችላል። በጣቱ በብሬል ማሳያ የሚያነበው ደግሞ መሣሪያው በአንድ ጊዜ 40 ሕዋስ ብቻ የሚያሳይ ቢሆን፣ በ4 ስፔስ ሦስት ደረጃ የገባ መሥመር 12ቱን ሕዋስ በባዶ ይበላበታል፤ እያንዳንዱ ታብ በአንድ ሕዋስ ቢወከል ግን የሚወስድበት 3 ብቻ ነው። የፔፕ 8 ምክር ግን እስከ ዛሬ 4 ስፔስ ነው።